ፍላሽ እምቢ ያለው ኮምፒውተር እና የበረከት ባጃጅ

«ቀጭ!»

ናርዶስ ደነገጠች... ፍላሹን ስትነቅል የኮምፒውተሩ መሰኪያ ውስጡ ተሰብሮ አብሮ ወጣ።

ቦታው ጂንካ ነው። እሁድ ጠዋት። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሱቆች ዝግ ናቸው።

ናርዶስ በአንዲት ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ውስጥ ብቻዋን ተረኛ ነበረች።

ፍላሹን ከኦሞራቴ የመጣ ሹፌር አሁን ገና ሰጥቷት መሄዱ ነው። በውስጡ የአንድ የተከበሩ ሽማግሌ ድምፅ አለ፣ በዳሰነች ቋንቋ የተቀዳ።

መልእክቱ አጭር ነው...

«ኦሞ ሞልቶ እየመጣ ነው። ዛሬውኑ ከወንዙ ዳር ውጡ!»

ወንዙ ዳር የሰፈሩት ሰዎች ጋ ኔትወርክ የለም። ያላቸው ትንንሽ ሬዲዮ ብቻ ነው። የቢሮ ሰው ሲያስጠነቅቃቸው ደግሞ «እነሱ ሁሌም እንደዚህ ይላሉ» ብለው ይቀመጣሉ።

የሽማግሌውን ድምፅ ከሰሙ ግን ይነሳሉ!

ናርዶስ ወደ ቴክኒሻኑ ወደ ፍሥሐ ደወለች።

«ፍሥሐ፣ የፍላሹ መሰኪያ ተሰበረብኝ!»

«ከኋላ ያሉትንስ ሞከርሽ?»

«እነሱማ መብረቅ የወደቀ ጊዜ አይደል የተቃጠሉት!»

«በቃ ሌላ ኮምፒውተር ፈልጊ። እኔ አርባ ምንጭ ነኝ፣ ነገ ከሰዓት ነው የምደርሰው።»

ነገ ከሰዓት... ውሃው ግን ነገ አይጠብቅም።

ሌላኛው ኮምፒውተር የተቆለፈ ቢሮ ውስጥ ነው። ቁልፉ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሐዋሳ ሄዷል። ፍላሹን ከስልኳ ጋር የሚያገናኝ ገመድም የላትም።

እንባዋ መጣ።

ልክ በዚያ ሰዓት አንድ ባጃጅ መዝሙሩን ለቆ በመስኮቱ ሥር አለፈ...

ናርዶስ ብድግ አለች። ይሄ መዝሙር ከየት ነው የሚጫወተው? ከፍላሽ!

እየሮጠች ወጣች።

«ወንድሜ! ቁም! ቁም በናትህ!»

ባለ ባጃጁ ፍሬን ያዘ። በረከት ይባላል። ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም።

«ወዴት ነሽ እህቴ?»

«የትም አልሄድም! ቴፕህ ፍላሽ ያነባል?»

«ያነባል... ምነው?»

«ባጃጅህን መስኮቱ ሥር አስጠጋልኝ። በሬዲዮ ልናስተላልፍበት ነው!»

በረከት ከት ብሎ ሳቀ። ቢሆንም አስጠጋ። ሞተሩን አጠፋ።

ናርዶስ ፍላሹን ቴፑ ላይ እንዲሰካ ሰጥታው ወደ ውስጥ ሮጠች። የስቱዲዮውን ማይክ በመስኮት አውጥታ የባጃጁ ስፒከር ላይ ደቀነችው...

የሽማግሌው ድምፅ ጂንካን አልፎ ወደ ኦሞ ሄደ!

የበረከት ሳቅ ግን ጠፋ። ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ናርዶስ የሰለቸው መሰላት።

ድምፁ እንዳለቀ በረከት ድንገት ቀና አለና ማይኩን ከእጇ ወሰደ። በዳሰነች ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገረ።

ናርዶስ ክው አለች። ቀጥታ ሥርጭት ላይ... የማታውቀው ሰው... በማታውቀው ቋንቋ!

«ምንድን ነው ያልከው?!»

«ሽማግሌው የረሱትን ነው የጨመርኩት።»

«ዳሰነች ነህ እንዴ?»

«ነኝ። አሁን ድገሚው።»

ዓይኑን አየችው። ማይኩን መልሳ ደቀነች።

ደጋገሙት። እሱም በየመሐሉ ያቺን አባባሉን ይጨምራል። የባጃጁ ባትሪ ሲደክም ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ሰዎች ገፍተው አስነሱለት። ባትሪው እንዲሞላ ትንሽ ዞር ዞር ብሎ ተመልሶ መጣ። እንዲህ እያሉ ዋሉ።

በማግሥቱ ኦሞ ዳሩን ጥሶ ወጣ።

ጎጆዎቹን ጠራርጎ ወሰደ። ውስጣቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም! ሁሉም ከብቱንና ልጁን ይዞ ከፍታው ላይ ሆኖ ውሃውን ከላይ ያያል።

መንገዱ ሲከፈት፣ ኦሞራቴ ሄዶ የነበረው የዳሰነች ቋንቋ አዘጋጅ ባልደረባዋ ተመለሰ።

«ናርዶስ፣ ያ በመጨረሻ የተናገረው ሰው ማነው? አገሩ ሁሉ እሱን ነው የሚያወራው!»

«ምን ነበር ያለው?»

«‹ፍየላችሁን ከማንሳታችሁ በፊት፣ መራመድ የማትችል ጎረቤታችሁን አንሱ› ነው ያለው። ስንቱ አቅመ ደካማ በሰው ጀርባ ወጣ መሰለሽ!»

ናርዶስ በረከትን ፍለጋ መናኸሪያ ሄደች። ባጃጁን ሲያጥብ አገኘችው። ባልደረባዋ ያለውን ስትነግረው ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ።

«እናቴም ከእነሱ አንዷ ናት» አላት።

«እናትህ?!»

«ወንዙ ዳር ብቻዋን ነው የምትኖረው። ዳሌዋ ተሰብሮ መቆም አትችልም። ስሙን እንኳን የማላውቀው ሰው ተሸክሞ አወጣት።»

ናርዶስ ጠጋ አለችው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ማይክ ይዘህ ለምን ስሟን አልጠራህም?»

በረከት ጨርቁን ጨመቀው።

«ስሟን ብጠራ የሚያውቋት ብቻ ነበር የሚፈልጓት። የሚያውቋት ደግሞ ከብት ይዘው ለግጦሽ ርቀዋል። ‹ጎረቤታችሁን› ስል ግን... አጠገቧ ያለ ሰው ሁሉ ልጇ ሆነ።»

ወዳጆቼ... ለእናታችሁ የምትመኙትን ለሰው ሁሉ እናት ተመኙ። ለሁሉም የተዘረጋ እጅ የእናንተንም ሰው አይዘልም።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... ያ ማይክ በእጃችሁ ቢሆን የእናታችሁን ስም ነበር የምትጠሩት ወይስ እንደ በረከት ታደርጉ ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነባለሁ።