ብስክሌት የቀደመ ወሬ

ይህ ታሪክ ቅንጣት ሐሰት የለበትም፤ ከዋሸሁ የአዋሽ አዞ ይብላኝ። የሚወዳት ፋሪሃ ስልክ አላነሳ ስትለው ታጁ «አግቢኝ» ሊላት ከአዋሽ እሷ ወዳለችበት ሰመራ በብስክሌት ተነሳ። ገዋኔ ላይ አንድ የአፋር ሽማግሌ እንደ አገሩ ደንብ አስቁመው ወሬ ጠየቁት፤ ጉዳዩን አጫወታቸው። በማግስቱ ከሚሌ ወዲያ ብቻውን ዳገት ሲገፋ ሌላ ሽማግሌ በትራቸውን አንስተው አስቆሙት።

«የፋሪሃ ባለብስክሌት አንተ ነህ?»

«ማን ነገረዎት አባቴ?»

«ወሬህ በእግሩ ቀድሞህ አለፈ፤ መልሱም ደረሰ። ሐሙስ ከሌላ ሰው ጋር ኒካዋ ታስሯል። በል ወተት ጠጣ።»

ታጁ የግመሉን ወተት ጭልጥ አድርጎ ጠጣና ብስክሌቱን ወደ አዋሽ አዞረ።

እሺ፣ አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ። ወተቱን አልጠጣም፤ ፊቱን ወደ ሰመራ አድርጎ፣ ዝንብ እስኪገባበት ድረስ ይዞት ቆመ።