ያው ኳስ

በከተማው ሕግ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ቤት ሙቅ ውሃ የሚለቀቀው አቀብላ ባስቆጠረችው ነጥብ ልክ ነው። ኳስ አቀባይዋ ምንትዋብ አምና ስታቀብል ጓደኞቿ ኳሱን እያነጠሩ ቆይተው ስለሚያገቡ፣ ሕጉም የሚቆጥረው ወዲያው የገባውን ብቻ ስለሆነ፣ አይቆጠርላትም ነበር፤ ቁርጥማት ያለባቸው እናቷም በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡ ነበር። ዘንድሮ ሲሮጥ ወደሚውልና ኳስ እንደደረሰው ወዲያው ወደሚያገባ ቡድን ተዛወረች። ያንኑ ኳስ እያቀበለች ቁጥሯ ሰማይ ነካ።

እናቷ እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ "እሰይ ልጄ! አሁን ገና መጫወት ቻልሽ" አሉ።

ከግድግዳው ማዶ የሰብለ እናት ከውሃው ቅዝቃዜ የተነሣ ሲጮኹ ተሰማ። በቀድሞው ቡድን ምንትዋብን የተካችው ሰብለ ናት።

"ምስኪን፣ ሰነፍ ወልዳ!" አሉ የምንትዋብ እናት። አምና ጎረቤት ይህንኑ ሲላቸው አልቅሰው ነበር።

ምንትዋብ ወደ ግድግዳው አመለከተች። "እማዬ፣ ያው ኳስ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ" አሉ እናቷ በሹክሹክታ፤ "ዝም በይ፣ ውሃውን እንዳያቋርጡብን።"