የማብሪያ ማጥፊያው ቦታ

ኤሌክትሪሺያኑ ባዶው የዋና ገንዳ ውስጥ ሆኖ የውሃ ውስጥ መብራቶቹን ሲገጥም፣ የቤቱ እመቤት ከላይ እየተንቆራጠጠች ፋታ ነሳችው።

«ማብሪያ ማጥፊያውን ኩሽና አድርግልኝ።»

«እትዬ፣ ሰው እኮ የሚያስገጥመው እዚሁ ገንዳው አጠገብ ነው።»

«ልጄ ውሃ ውስጥ ከገባች ስጠራት አትሰማኝም። ስንቴ ከነልብሴ ዘልዬ ገባሁ!»

ተሞላቅቃ ያደገች ልጅ መሆን አለባት ብሎ እያጉረመረመ እስከ ኩሽና ድረስ ግድግዳውን ቆፈረ።

ገንዳው በተሞላ ማግስት፣ አመሻሽ ላይ ሥራውን ሊያስረክብ መጣ። ልጅቷ ከውሃው ሥር እየዋኘች ነበር። እናትየዋ ይዛው ኩሽና ገባችና የገንዳውን መብራት ሁለቴ አብርታ አጠፋች። ልጅቷ ወዲያው ብቅ ብላ ወደ ኩሽናው መስኮት ዞረች፤ በጣቶቿም አንድ ነገር ጠየቀች። እናትየዋ በጣቶቿ መለሰችላት።

«ራት ምንድን ነው እያለችኝ ነው» ስትል ለኤሌክትሪሺያኑ ተረጎመችለት።