ያዘ፣ አልያዘም

«አጥብቀው» አለች ሹዪን፣ አራት ጣቶቿን በባሏ ግራ ባትና በጎማው ስፖንጅ መሃል አስገብታ።

ዌይቺ አጠበቀ። ወይም ያጠበቀ መሰለው። አንድ እጁን የኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አሳርፎ ባለ አንድ ጎማው ላይ ቆሟል። ቀኝ እግሩ ስፖንጁን ከነስፌቱ ያውቀዋል። ግራው ግን ከጉልበቱ በታች፣ በውስጥ በኩል፣ የሌላ ሰው እግር ነው።

«ያዘ?»

«አልያዘም።»

ይሄ ጎማ መሪ የለው፣ መቀመጫ የለው። በባትሪ ይሽከረከራል፤ ነጂው ግራና ቀኝ በተዘረጉት መርገጫዎች ላይ ቆሞ፣ ጎማውን በሁለት እግሩ መሃል አንቆ ነው የሚነዳው። ቅልጥሙን ከፊት ባለው ስፖንጅ ላይ ሲያስደግፍ ይፈጥናል፣ ባቱን ከኋላ ባለው ላይ ሲጫን ይቆማል። ሹዪን ስፖንጆቹን ቻይና፣ ሼንዠን ከተማ ዳርቻ ባለ ፋብሪካ ቆርጣ የምትለጥፍ ናት፤ ዌይቺ ደግሞ እዚያው አዲስ ጎማ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ነድቶ የሚሞክር። ሞካሪዎቹ ሁሉ ስፖንጃቸውን የሚያስለኩት በእሷ ጣቶች ነው። ጣቶቿን ታስገባለች፣ ትስባለች፣ አልወጣ ካሏት «ያዘ» ትላለች። እሷ «ያዘ» ካለች በኋላ አለቃውም ቢሆን አይከራከራትም።

የማይሰማት ባሏ ብቻ ነበር። ጎማው ከእግሩ ጋር የተሰፋ እንዲሆንለት ስለሚፈልግ «አስጠጊው፣ ገና ነው፣ አስጠጊው» እያለ፣ የግራ እግሩን ነርቭ ዓመት ሙሉ ሲያደቅቅ ኖረ። ከሁሉም ፈጣኑ እሱ ነበርና ማን ይናገረዋል! ባለፈው ወር መታጠፊያ ላይ ግራ እግሩ ከስፖንጁ ሸሸ፤ መሸሹን ያወቀው አስፋልቱ ላይ ተንከባሎ ከቆመ በኋላ ነው። ሐኪሙ «ጉልበትህ ደህና ነው፣ የሄደው ስሜቱ ነው፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» አለው። ዌይቺ «እሺ» አለ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ነገር መልሱ «እሺ» ሆነ። ምግብ ሲቀርብለት እሺ፣ ሹዪን ስታለቅስም እሺ።

ነገ አለቃው ፊት ይነዳል። ጎማው ከያዘለት ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ካልያዘለት ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ዌይቺ ከመንዳት ሌላ ምንም አያውቅም። ሹዪን ደግሞ ከዚያ አደጋ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይወድቃል።

«አሁንስ?» አለ፣ ጨመር አድርጎ።

«አልያዘም።»

ጎረቤታቸው አክስት ታን ጎመን የታጨቀበት ፌስታል አንጠልጥላ ደረጃውን ስትወጣ መተላለፊያውን ዘግተው አገኘቻቸው።

«ኧረ እናንተ ልጆች! እንዲህ ያለ ነገር መሃል መንገድ ላይ ይገተራል? አንተስ ብትሆን፣ እግዜር የሰጠህ ሁለት እግር ምን አጎደለብህ?»

«እለፊ አክስት ታን፣ ልክ እያስያዝኩለት ነው» አለች ሹዪን። ድምጿ ቀጥኗል።

«ላብሽ እኮ ይንጠባጠባል! ባል ቀጥ አድርጎ ማቆም እንዲህ ያደክማል? እኔስ እንኳን ተገላገልኩ!» አለችና እየሳቀች፣ ሆዷን ሰብስባ በጎናቸው አለፈች።

ዌይቺ ቀልዱ ገባው። ሳቁ ግን አልመጣለትም።

«ስፖንጁን ትንሽ ወደ ፊት ብታመጪውስ?»

«ቦታውስ ልክ ነው። እምቢ ያለው እግርህ ነው።» ቀና ብላ አላየችውም። «ለአለቃው እኔው እነግርልሃለሁ። እኛ ክፍል ስፖንጅ የሚቆርጥ ሰው ይፈልጋሉ። አብረን እንገባለን፣ አብረን እንወጣለን። ምን አለበት?»

ነገሩን ቀደም ብላ ያሰበችበት ትመስላለች። ዌይቺ «እሺ» ሊል አፉን ከፈተ።

ግን ጭኑ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጉልበቱ በላይ ያለው የራሱ ነውና ይሰማዋል፤ ግራ ጭኑ ከባድ ነገር እንደተሸከመ ሰው እየተንዘፈዘፈ ነው። ይሄን ያህል የሚለፋ እግር እንዴት ምንም አይዝም? ወደ ታች አየ። የሚስቱ ጆሮ ቀልቷል። ትንፋሿን ውጣለች።

«ካልያዘ እጅሽን አውጪያ» አለ።

ሹዪን አልተነቃነቀችም።

«ሹዪን፣ አውጪው።»

ሳበች። እጇ አልወጣም። ትከሻዋን ወደ ኋላ ጥላ ደግማ ሳበች፤ ጎማው አብሯት ተወዛወዘ እንጂ ጣቶቿ ንቅንቅ አላሉም።

ዌይቺ እግሩን ከፈተና ወረደ። ጎማው ግድግዳው ላይ ተጋደመና የመውደቅ ማስጠንቀቂያው መጮህ ጀመረ። የሹዪን ጣቶች ደም የሚባል አልቀረባቸውም፤ የስፖንጁ መስመር ቆዳዋ ላይ ታትሟል።

«ከመጀመሪያውም ይዞ ነበር» አለች። «በደንብ አድርጎ ነው የያዘው። ነገ ብትነዳ ማንም አይከለክልህም።»

ቁጣው እስኪመጣ ጠበቀ። አልመጣም። የመጣው ፍርሃት ነው፤ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ፍርሃት ፈራ። የሚስቱን አጥንት ሲጨፈልቅ ቆይቶ፣ እግሩ ጣትን ከስፖንጅ አልለየም። ጎረቤታቸው አጠገባቸው ስትስቅ እንኳ አልለየም።

ወለሉ ላይ ተንበረከከ። እጇን በሁለት እጁ ያዘና ጣቶቿን አንድ በአንድ ማሸት ጀመረ፣ ከሥራቸው ወደ ጫፋቸው፣ ቀስ እያለ። ጎማው አሁንም ይጮሃል። «አጥፊው» አላላትም፣ እሱም ሊያጠፋው አልተነሳም።

«እዚህ ጋ ይሰማሻል?» አለ፣ የትንሿ ጣቷን ጫፍ ጫን አድርጎ።

ሹዪን ጣቷን ትኩር ብላ አየቻት።

«ገና ነው» አለች።

ማሸቱን ቀጠለ።