ጋሽ በዛብህ «እኔን!» ያሉ ለት

«ኮች፣ ባልዲውን ወደ ውስጥ!» አልኩት ለሦስተኛ ጊዜ። አሰልጣኙ ራስል አልሰማኝም፤ ሰምቶኛል እንጂ ምን አገባው። ተጫዋቾቹ ከሚቀመጡበት ከታጠረው ዳግአውት በር ሁለት እርምጃ ወጣ ብሎ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተንሰራፍቷል። የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ ቅርፊቱን ከነምራቁ እግሬ ሥር ይተፋል። «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ሲሊ» ይለኛል። ስሜን ስለሺ ብሎ መጥራት ከብዶት ነው አሉ። በእነሱ እንግሊዝኛ ሲሊ ቂል ማለት ነው። ቀፋፊ!

ቤዝቦል ላይ፣ ኳስ በጨዋታ ላይ እያለች ከዳግአውት ውጭ ሥራ የሌለው ሰውም ሆነ ዕቃ አይገኝም። ዱላ፣ ቦርሳ፣ ባልዲ፣ ሁሉም ውስጥ። ዳኛው እኔ ነኝ፤ እምቢ ያለውን ማባረር እችላለሁ። ግን ከጨዋታው በኋላ አሰልጣኞቹ ለዳኛ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ሐምሌ ላይ ሌክውድ ለሚካሄደው ትልቁ ውድድር ዳኛ የሚመረጠውም በዚያ ነጥብ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ የኤርፖርት ሻትል እየነዳሁ፣ ቅዳሜዬን እዚህ ሎውሪ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲጠብሰኝ የከረምኩት ለዚያ ውድድር ነው። ስለዚህ ዋጥ አደረግኩት።

ከራስል አጠገብ ደግሞ ጋሽ በዛብህ አሉ። ኦሮራ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ነው የምንኖረው። የሚታጠፍ ወንበራቸውን ይዘው በተከፈተው በር ሰተት ብለው ገቡ፤ የልጅ ልጃቸውን እድላዊትን ቀረብ ብለው ሊያዩ። የራስል ቡድን ብቸኛዋ ሴት ናት። መስከረም ላይ ኮሌጅ ስለምትሄድ ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው። እሳቸውም መውጣት ነበረባቸው። ታዲያ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው፣ ያውም ኮፍያቸውን አንስተው «እንደምን ዋልክ፣ ዳኛው» ያሉኝን፣ ምን ልበላቸው? ይነሱ? አንዱን በጥቅም፣ አንዱን በይሉኝታ ዝም አልኳቸው። ዳኛ ተብዬ!

የመጨረሻው ዙር ደረሰ። የእድላዊት ቡድን በአንድ ነጥብ እየተመራ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ አውት ቢሆንባቸው፣ ማለትም ከጨዋታ ቢወጣባቸው፣ ጨዋታው ያበቃል። ዱላውን የያዘችው እሷ ናት። መታች። ኳሷ ወደፊት መሄዷን ትታ ሽቅብ ተስፈነጠረች፣ ወደ ራስል በኩል። ከመቺዋ ኋላ ሆኖ ኳስ የሚቀልበው የተጋጣሚው ቡድን ካቸር ጭንብሉን ወርውሮ፣ ወደ ሰማይ አንጋጦ ሮጠ። መሬት ሳትነካ ከቀለባት እድላዊት አውት ናት።

የፈሩት ይደርሳል። የካቸሩ እግር ባልዲውን መታው። ራስል ዘሎ አመለጠ። ልጁ በግንባሩ ሊደፋ ሲል ጋሽ በዛብህ «እኔን!» ብለው ብድግ አሉና በሁለት እጃቸው አቀፉት። ኳሷ ከኋላቸው መሬት ላይ ወደቀች። «እኔን፣ ልጄ! አይዞህ፣ አይዞህ» ይሉታል ጉልበቱን እየዳሰሱ። ልጁ የሚሉትን አያውቅ፣ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል።

የኛ ሰው ሌላ ሰው ሲወድቅ ቆሞ ማየት አይሆንለትም። ሕጉ ግን «እኔን»ን አያውቅም። ጣልቃ መግባት ነው የሚለው፤ ቀላቢው ከተደናቀፈ መቺው አውት ይባላል።

ባልዲውም ይሁን ሰውዬው፣ እድላዊት አውት ናት፤ እሱ አይለወጥም። የሚለወጠው ጥፋቱን በማን ላይ እንደምጽፈው ነው። ባልዲው ካልኩ ራስል የሚቀጥለውን ጨዋታ ይታገዳል፣ የኔም ነጥብ ገደል ይገባል። ተመልካች ካልኩ ጋሽ በዛብህ ዘንድሮ ሜዳው ደጃፍ አይደርሱም፤ ልጅቷ ስትጫወት ዳግመኛ አያዩም ማለት ነው።

ራስል ባልዲውን በእግሩ ወደ ውስጥ ገፍቶ ጨርሷል። «ሽማግሌው ነው! አቅፎ ያዘው፣ ሁሉም አይቷል!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ጠጋ አለና ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ፣ «ዛሬ ግሩም አድርገህ ነው ያጫወትከው» አለኝ። ትንፋሹ ሱፍ ሱፍ ይላል።

ወረቀቴን አወጣሁ። «ተመልካች» ብዬ ጻፍኩ። በገዛ እጄ!

«ጋሽ በዛብህ» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከሜዳው መውጣት አለብዎት። ዘንድሮ ተመልሰው መግባት አይችሉም።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቢሰድቡኝ ምንኛ በቀለለኝ። «ሕግ ነው፣ ልጄ፤ አንተ ምን ታደርግ» አሉና ወንበራቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ልጅቷን ጉድ ሠራኋት፣ አይደል? በኔ ምክንያት ነው የተሸነፉት?»

አይደለም፣ እርስዎ ባይኖሩም ባልዲው ነበር፣ ማለት ምን ይከብዳል? አላልኩም። ምላሴን ይቁረጠው።

እድላዊት ሄልሜቷን አውልቃ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ነይ እስቲ፣ እድልዬ» አሏት፤ «በኔ የተነሳ የሰውየው ሥራ ተበላሸበት። ዳኛውን ይቅርታ ጠይቂልኝ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ድምጿን ሳትጨምር፣ «አይተሃል። ሁሉንም እያየህ ነው በአያቴ ላይ የጻፍከው። ታስጠላለህ» አለችኝ።

«ምን አለችህ?» አሉ እንግሊዝኛ የማይገባቸው ጋሽ በዛብህ፣ ጆሯቸውን ወደኔ አዘንብለው።

«ይቅርታ እያለችኝ ነው» አልኳቸው።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ!» ፊታቸው በራ። ጎንበስ አድርገው ግንባሯን ሳሟት። «አየህ፣ ዳኛው? ሥርዓት ያላት ልጅ ናት።»