የያብስራ አዲስ ሸክላ

ድሮ አንድን ሙዚቃ ያልጠገበ ሰው የሸክላ ማጫወቻውን መርፌ አንስቶ ከመጀመሪያው ያስደግመው ነበር። አሁን የሚወጡት ሸክላዎች ግን መርፌው ሲያልፍባቸው ይጠፋሉ፤ የሚሰሙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ታናሽ ወንድማችን ያብስራ ከመሞቱ በፊት የሠራው፣ ሃውስ የሚባለው ዓይነት የዳንስ ሙዚቃ በዚህ ሳምንት ወጣ። ለእኛ የደረሰን አንድ ሸክላ ነው፤ ሌሎቹ ተሸጠው አልቀዋል። እህቴ ሐመልማል መስኮቶቹን ዘጋች፤ እንዳያጉረመርም ብላ ፍሪጁን ሳይቀር ከሶኬቱ ነቀለች። እማዬን መሀላችን አስቀምጠን መርፌውን አሳረፍኩት።

ከበሮው ሲገባ እማዬ ሳቀች።

"ይሄን ምትማ አውቀዋለሁ! ያብስራ ድስቴን በማንኪያ የሚቀጠቅጠው እንዲህ ነበር። ሁለት ክዳን አጎድጉዶብኛል፣ ይሄ ጉደኛ!"

"እማ፣ እባክሽ..." ብላ ሐመልማል ስትጀምር እጇን ያዝኩት። እማዬ ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ጠርታ አታውቅም ነበር።

"ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ነው" አለች እማዬ፣ ጉልበቷን በጣቶቿ እየመታች። "'ተው' ስለው ይብስበታል።"

"ከዛስ?" አልኳት።

ሙዚቃው ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ውስጥ ያለ እማዬ ድምፅ የሰማነው የመጀመሪያዎቹን አርባ ሰከንዶች ብቻ ነው።