የሬዲዮ ጠጋኙ ጆሮ

አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ይሆናል፤ ወንበሩ በግራ ይሁን በቀኝ አሁን አልምልበትም። ስፒከሩ ግን በዕድሜ ሬዲዮ ጠጋኙን ይበልጠው ነበር።

ያመጣችው ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ናት። ሟቹ ካረፈ ወዲህ ቀዝቅዟል ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

የዚያ ዘመን ስፒከር የራሱ ማግኔት የለውም። ከኋላው ያለው የሽቦ ጥቅል ለብቻው ኤሌክትሪክ ካላገኘ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ጠጋኙ ሽቦውን እንደ አዲስ ጠመጠመ፣ የተቀደደውን ወረቀት ለጠፈ፣ ትራንስፎርመር ፈልጎ ገጠመለት።

ሥራ ሲይዝ ቢጠሩት አይሰማም። በዚህ የተነሳ እኅቱ ጆሮህ ሄዷል፣ የሱቁን ቁልፍ አምጣና ቤት ተቀመጥ እያለች ነጋ ጠባ ትጨቀጭቀዋለች። እሱም አንድ ቀን ተናዶ፣ ሙዚቃ መስማት ያቃተኝ ዕለት እሰጥሻለሁ ብሎ ማለላት።

የሙከራው ዕለት ኤሌክትሪኩን ለቀቀበት። ካቻቢቴው ከእጁ አምልጦ ማግኔት የሆነው ጥቅል ላይ ልጥፍ አለ፤ ጥቅሉም ሞቅ አለ። ሙዚቃው ግን የሩቅ ትንኝ ነው። ጠጋኙን ላብ አጠመቀው።

ሴትዮዋ ጉልበቷ የስፒከሩን ሳጥን እስኪነካ ወንበሯን አስጠጋችና ዓይኗን ጨፈነች።

"እፎይ፣ እንዲህ ነው እንጂ" አለች። "ደግሞ እንዳይነካኩት።"

ድምፁ አላነሰም ወይ ብሎ ቢጠይቃት መልስ የለም። ሙዚቃው ይዟት ሄዷል ብሎ ተዋት።

በየቀኑ እየመጣች ትቀመጥ ጀመር። ሲያወራ ከንፈሩን ትክ ብላ ታያለች። ሪዝዎን ቢከረክሙት ጥሩ ነበር ስትለውም በማግስቱ ተከርክሞ መጣ።

"ጆሮህ ቢሄድም ልብህ ተርፏል" አለችው እኅቱ።

እሱ ግን አልሳቀም። ለሷ እንዲያ የሚጥማት ሙዚቃ ለሱ ትንኝ ከሆነ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባው። ሴትዮዋ ስፒከሯን ደስ ብሏት ስትወስድ ቁልፉን ለእኅቱ ሰጣት። እኅቱም ክፉኛ ደነገጠች፤ የፈለገችው ክርክሩን መርታት እንጂ ቁልፉን አልነበረም።

ወሬውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት አንድ ፀጉር ቆራጭ ሱቁን በተረከበ ዕለት ነው። ጠጋኙ ዕቃውን ካርቶን ውስጥ ሲከት የሴትዮዋ ልጅ በሩ ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ እማዬ ልካኝ ነው። እንደሚያውቁት ጆሮዋ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የስፒከሩ ሙቀት ግን ለጉልበቷ መድኃኒት ሆነላት። ለሌላኛው ጉልበቷ አንድ ይኖርዎት ይሆን?"